የጠቆር ወንዝ አዲሱ ድልድይ

ሙክታር ሚስቱን ሊጠይቅ የሚሄደው ፀሐይ ሳትከር ማለዳ ነበር። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ረፋድ ካለፈ በኋላ በእግር የሚኬድባት ከተማ አልነበረችም፤ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያለው መንገድ ሁሉ ሸራ ተወጥሮበት፣ ሰው ከጥላ ወደ ጥላ እየተሻገረ ነበር የሚኖረው። አውቶቡስ ላይ ሲወጣ የእጁ አንጓ ላይ ያለው አምባር ለብ ይላል። ስለ ወንበሩ፣ ስለ አነዳዱ፣ ስለ ነፋሱ ደሙ የሚለውን ይወስድና መልሶ ይቀዘቅዛል። ዳቦ ቤትም እንደዚያው፣ ክሊኒክም እንደዚያው። ሰውን "ምን ይመስልሃል?" ብሎ በአፍ መጠየቅ ከቀረ ቆይቷል። ሰው ሲጠየቅ ያሳምራል፣ ያጋንናል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል ተብሎ፣ አስተያየት ማለት የልብ ምትና የላብ ልኬት ሆኗል። በማግስቱ ዳቦው ትንሽ ለስልሶ ይመጣል፤ የአውቶቡሱ ወንበር ትንሽ ዘንበል ብሎ ይጠብቃል። ማን እንደጠየቀ የሚያውቅ የለም። ቅር ያለውም የለም፤ ቅር ቢለው አምባሩ ያውቅ ነበርና።

ሂንዲያ የምትኖርበት የመጦሪያ ቤት ሳቢያን ውስጥ ነው። አረጋውያኑ በረጅም አዳራሽ ውስጥ፣ ወደ ኋላ በተንጋለሉ ወንበሮች ላይ ጥቁር መነጽር አድርገው ይውላሉ። ምሳቸውን የሚጎርሱትም መነጽሩን ሳያወልቁ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ከዘመዱ ጎን ይቀመጥና የእንግዳ መነጽር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ዘመዱ ወዳለበት ይገባል። አባቱን ለማየት ኳስ ሜዳ የሚገባ አለ፤ እናቷን ለማየት ድሮ የፈረሰ ገበያ የምትገባ አለች። ሙክታር የሚገባው ጠቆር ወንዝ ነበር።

ጠቆር ወንዝ የጨዋታ ስም ነው። ሙክታርና ሂንዲያ ወጣት በነበሩበት ጊዜ አገር ምድሩ የሚጫወተው ባለ ብዙ ክፍል የጀብዱ ጨዋታ ነበር፤ ገደል መውጣት፣ ዋሻ ውስጥ ከድንጋይ ዘቦች ጋር በጎራዴ መዋጋት፣ የተቆለፈ በር መፍታት። በሦስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሰፊ መሻገሪያ የሚባል ቦታ አለ። እሱን ብቻውን የሚሻገረው የለም። ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ገመድ ወገባቸውን ይታሰራሉ፤ አንዱ ቀድሞ ይሻገርና ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ቆሞ ገመዱን ይይዛል፤ ሌላው በያዘው ሰው ተማምኖ ውሃው ውስጥ ይገባል። የያዘው ሰልችቶት ከለቀቀ፣ ውሃ ውስጥ ያለው ይወሰዳል።

የሙክታር ኔትወርክ በዚያን ጊዜ ደካማ ስለነበር ውሃው መሃል ላይ ደርቆ ይቀር ነበር። አብረውት የገቡት ሁሉ እየተሰላቹ ለቀቁት። አንዲት የማያውቃት ልጅ ብቻ አልለቀቀችም። ሌላ ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ ወሬ አውርቶ የሚመለስበትን ያህል ጊዜ ቆማ ጠበቀችው። ሲደርስ፣ "አቦ ከየት ነው የምትጫወተው፣ ከጨረቃ ነው?" ብላ ጻፈችለት። እሷ መጋላ፣ እሱ ከዚራ ነበሩ፤ በመሃላቸው የነበረው ደረቁ የደቻቱ ወንዝ ብቻ ነበር። በዓመቱ ተጋቡ።

ካረጁ በኋላ ሂንዲያ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የሄዱት ስሞች ነበሩ፤ ቀጥሎ የቤታቸው በር፤ ቀጥሎ ሙክታር። ልጅ አልነበራቸውም። አሁን አዳራሹ ውስጥ ፊት ለፊቷ ቢቀመጥ አታውቀውም፤ እጇን ቢይዛት ቀስ ብላ ታስለቅቃለች። መነጽሩን አድርጋ የድሮው ወንዝ ውስጥ ስትገባ ግን ጣቶቿ መንገዱን ያውቁታል። ገደሉን ትወጣለች፣ ዘቦቹን ታልፋለች፣ ውሃውን ትሻገርና ቋጥኙ ላይ ቆማ ገመዱን ትይዛለች። ቀይ ሻርፕ ያደረገውን ወጣት፣ የጨዋታውን ሙክታር፣ ከውሃው ጋር ሲታገል ስታይ፣ ሙክታር ሌላ የትም የማይሰማውን ድምፅ ታሰማለች።

"ሙኬ፣ ቀስ በል። ይዤሃለሁ።"

ይህን ለመስማት ነበር በየማለዳው የሚሄደው። ኔትወርክ የሚባል ችግር ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እሱ ግን ሆን ብሎ ይዘገያል። ውሃው መሃል ይቆማል፣ ይንሸራተታል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዘገየ ቁጥር ስሙን ደጋግማ ትጠራዋለችና።

ወሬውን የነገረችው ትርሲት ናት። ትርሲት የአዳራሹ ነርስ ነች፤ ረጋ ያለች፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ ሴት።

"ጋሽ ሙክታር፣ ሰሙ? ጠቆር ወንዝን እንደገና ሊያነሱት ነው። ተከታታዩን በሙሉ አድሰው ሊያወጡት ነው አሉ።"

"የትኛውን ክፍል?"

"ሁሉንም። ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

ደስ አለው። የልጅነት ቤቱን ቀለም ሊቀቡለት እንደሆነ የሰማ ሰው ሆነ። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያነበበው በኋላ ነው። ለጥቂት ሳምንታት አሮጌውም አዲሱም ጨዋታ ክፍት ይሆናሉ። ከባድ ተጫዋች የሚባሉት፣ ማለትም ለረጅም ዓመታት ሳያቋርጡ የተጫወቱት፣ ጧት አዲሱን፣ ከሰዓት አሮጌውን ይጫወታሉ። በመጨረሻ የተጫዋቹ ደም የመረጠው ይቀራል፤ ሌላው ይዘጋል። ሁለት ወንዝ ካለ ተጫዋቹ ለሁለት ይከፈላል፣ የተከፈለ ሰው ደግሞ አስተያየቱ በደንብ አይነበብም ይላል ጨዋታውን የሚሠራው ኩባንያ።

አዲሱ ወንዝ ውብ ነበር። ይህን ሙክታር ራሱ አልካደም። የውሃው ሽታ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፤ ነፋስ ሣሩን ሲያስተኛው እያንዳንዱ ሰበዝ ለብቻው ይታያል። ዘቦቹ ይተነፍሳሉ። ሰፊ መሻገሪያ ሲደርሱ ግን ገመድ የለም። ከዚህኛው ዳር እስከዚያኛው ዳር ነጭ የድንጋይ ድልድይ ተዘርግቷል። ሂንዲያ ወጣት ሆና፣ ጎራዴዋን አንግታ፣ ድልድዩ ላይ ወጣችና መራመድ ጀመረች።

"ሂንዲያ" ብሎ ጠራት።

ዘወር አለች። መንገድ ላይ የማያውቁት ሰው ሰላም ሲል እንደሚደረገው ራሷን ዝቅ አድርጋለት ቀጠለች። የምትቆምበት ምክንያት አልነበራትም። ማዶ ደርሳ ዳገቱን ስትወጣ ከጀርባዋ ቆሞ አያት።

መነጽሩን አውልቆ ወንበሩ ላይ ያለችውን አሮጊት ተመለከተ። ግንባሯ ተፈትቷል። አምባሯ አረንጓዴ ያበራል።

"አዲሱ ተስማምቷታል መሰለኝ" አለች ትርሲት ትራሷን እያስተካከለች። "እህሉን ሳታስቸግር ጎረሰችልኝ።"

ሙክታር የእንግዳውን መነጽር ለትርሲት መለሰላት።

ከሰዓት በኋላ አሮጌው ወንዝ ዳር የድሮ ተጫዋቾች ተሰብስበው ነበር። ጎራዴ የመዘዘ የለም፤ ዘቦቹም ወደ ዋሻቸው ተመልሰው ዝም ብለዋል። ከተሰበሰቡት መካከል ላቀው ነበር። ላቀው ደሴ የሚኖር ጡረታ የወጣ ጠበቃ ነው፤ ከሙክታር ጋር ለዘመናት ተጫውተዋል እንጂ በአካል ተያይተው አያውቁም። እዚህ ግን ጋሻ የተሸከመ ግዙፍ ጎረምሳ ነው።

"ተከታታዩን ያነሡት መስሏችኋል?" አለ ላቀው። "ቀብረው ሐውልት ነው ያቆሙለት።"

"አታጋንን" አለች ምሥራቅ የምትባል የባሕር ዳር ሴት። "እኔ አዲሱን ወድጄዋለሁ። ጣቶቼን ሪህ ይዞኛል፤ ያንን ገመድ ይዞ መቆም ለእኔ መከራ ነው። ደግሞስ ስንት የማላውቀው ሰው ነው ለቆኝ ውሃ የወሰደኝ? ድልድይ ማንንም አይጥልም።"

"ታዲያ ጨዋታው ምኑ ላይ ነው?"

"ማዶ መድረሱ ላይ ነዋ።"

"ዘቦቹ ተሻሽለዋል፣ እሱን አልክድም" አለ አንድ ሌላ። "ሙዚቃው ግን አልሆነልኝም። ድሮ አንዲት ክራር ብቻ ነበረች። አሁን መቶ ሰው ነው የሚጫወተው፤ ማንን እንደምሰማ አላውቅም።"

"ልጄ ሦስተኛውን ክፍል ሞክራ ጣለችው" አለ ከኋላ የቆመው። "ይህን ሁሉ ጊዜ ቆሞ ሰው መጠበቅ ምን ይሠራል አለችኝ።"

ሙክታር ከውሃው ዳር ተነሣ። ሰው ፊት መናገር የማይሆንለት ሰው ነበር፤ ግን ተናገረ። የእሱ ምክንያት የጨዋታ እንዳልሆነ፣ ሚስቱ ከዓለም ሁሉ እሱን የምታውቅበት አንድ ቦታ ብቻ እንደቀራት፣ እሱም ያ ቋጥኝ እንደሆነ ነገራቸው። ገመዱን እንዲወዱለት ለመናቸው።

ምሥራቅ ናት የመለሰችለት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ወንድሜ፣ ልቤን ነክተኸዋል። ብችል አደርገው ነበር። ግን ደሜን ምን ልበለው? ድልድዩ ላይ ስወጣ ይረጋጋል፤ እኔ አላዝዘው።"

ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም።

የኩባንያው የተጫዋቾች አስተያየት ቢሮ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለ ሰፊ ቀዝቃዛ ክፍል ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ አስተያየቱን በአፉ ሊናገር የሚመጣ ስለሌለ። ኪሩቤል የሚባል ትሑት ሠራተኛ ወንበር ስቦ አስቀመጠው፣ ውሃ ቀዳለት።

"አባባ፣ በአካል መምጣትዎ ራሱ ደስ ይላል። ሰው አይመጣብንም።"

ሙክታር ያሰበውን ሁሉ ነገረው። ኪሩቤል አላቋረጠውም። ሲጨርስ፣ "የባለቤትዎ ስም ማን ነው?" አለው።

"ሂንዲያ ዑመር።"

ኪሩቤል ፊት ለፊቱ ያለውን ሰሌዳ ተመለከተና ፊቱ ተለወጠ። "ሂንዲያ ዑመር... የሳቢያኗ?"

"አዎ።"

"አባባ፣ እሳቸው እኮ ከሁሉም ከባድ ተጫዋች ናቸው። ሰፊ መሻገሪያ ላይ የእሳቸውን ያህል የቆመ ሰው በአገሩ የለም። የእሳቸው አስተያየት ነው ድልድዩን ያሠራው።"

"እሷ ምን አለች?"

"ስቃይ ነው አሉ።" ሰሌዳውን አዞረለት። አንድ መስመር ደልደል ብሎ መጥቶ በድንገት እንደ ገደል ይቆማል። "ይኸውልዎ። ገደሉ ላይ ደህና ናቸው። ዋሻው ውስጥ ደህና ናቸው። ቋጥኙ ላይ ሲቆሙ ልባቸው እንዲህ ይሆናል። የሚሻገረው ሰው ይዘገይባቸዋል፤ ከዓመት ዓመት እየባሰበት ነው የመጣው። አንዲት አሮጊት በየቀኑ እንዲህ ስትሰቃይ እያየን ዝም ማለት ነውር ሆነብን።"

ሙክታር ውሃውን አነሣና ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። የሚዘገየው ማን እንደሆነ ለኪሩቤል አልነገረውም።

"ስቃይ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "እየጠበቀችኝ ነው።"

"ይገባኛል።"

"አይገባህም ልጄ። ሰው የሚወደውን ሲጠብቅ ልቡ እንዲህ ነው። መጨነቁንስ ትጨነቃለች፤ ግን የቀራት እሱ ነው። እሱን ስትወስዱባት ምን ይተርፋታል?"

ኪሩቤል ዓይኑን ሰበረ። "እኔ አምንዎታለሁ። ግን ደም ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው አባባ። ለይቶ የሚያነብልን ነገር የለም።"

"አዲሱን ባትወደውስ?"

"እሳቸው አዲሱን ካልወደዱት ነገሩ በሙሉ ይገለበጣል። ክብደታቸው እንደዚያ ነው። ግን ወደውታል፣ ይዩት።" ሌላ መስመር አሳየው። እንደተኛ ሰው እስትንፋስ ጸጥ ያለ መስመር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙክታር ቶሎ ለመሻገር ታገለ። መዘግየቱን ትቶ ልክ ገመዱን እንደያዘች ውሃው ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ጣቶቹም አርጅተዋል፣ ለዘመናት የተለማመዱትም መዘግየትን ነው። በቸኮለ ቁጥር ተንሸራተተ፤ በተንሸራተተ ቁጥር ሂንዲያ ጮኸች። የልቧ መስመር ከድሮውም ባሰ። ጧት ጧት ደግሞ ድልድዩ ላይ ከኋላዋ እየሮጠ ስለ ደቻቱ፣ ስለ ሠርጋቸው ያወራላታል። "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነህ" ትለውና ትሄዳለች።

ላቀው ያንን ነገር የተናገረው በዚህ ጊዜ ነው። ሁለቱ ብቻቸውን አሮጌው ወንዝ ዳር ተቀምጠው ነበር።

"እንደ ጠበቃ ልንገርህ?" አለ። "ክርክሩን የሚወስነው አንድ ምስክር ነው። ምስክሯም ያንተ ሚስት ናት።"

"ምን እያልክ ነው?"

"አዲሱን ስትጫወት ከጎኗ የምትቀመጠው አንተ ነህ እያልኩ ነው። ደሟ የሚደነግጠው በጨዋታው ይሁን በሌላ፣ አምባሩ አያውቅም።"

ሙክታር ነገሩ እስኪገባው ጊዜ ወሰደበት። ከገባው በኋላ ሰላምታም ሳይሰጥ ወጣ። ለተወሰኑ ቀናት ከላቀው ጋር አልተነጋገረም። የመዝጊያው ሳምንት ሲገባ ግን፣ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው፣ ተጫዋች ሁሉ የሚያየው የውጤት ሰሌዳ የአዲሱን ወንዝ መስመር ከአሮጌው በላይ በላይ ሲያወጣው እያየ፣ የላቀው ቃል ከጆሮው አልወጣለት አለ።

መጀመሪያ በጆሮዋ ክፉ ነገር ሹክ አላት። ድልድዩ ሊፈርስ ነው አላት፤ ውሃው እየሞላ ነው አላት። ግንባሯን እንኳ አልቋጠረችም። ቀጥሎ ወንበሯ ላይ የሚነፍሰውን ማቀዝቀዣ አጠፋው። አንገቷ ላይ ላብ ችፍ አለ፤ እሷ ግን ድልድዩን እየተራመደች ነበር። ሙክታር ዙሪያውን ተመለከተ። በረድፍ የተቀመጡት ሁሉ መነጽር አድርገዋል፣ የሚያየው ሰው የለም። የሂንዲያን ክንድ ያዘ። ቆዳዋ እንደ ሐር ስስ ሆኗል። በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ያዛትና አዞረው።

ከጉሮሮዋ ትንሽ ድምፅ ወጣ። አምባሩ ከአረንጓዴ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቀይ ዞረ። ሙክታር ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ፤ የአሮጌው ወንዝ መስመር በግልጽ ተነሣ። እውነትም ኪሩቤል እንዳለው ይህን ያህል ከባድ ተጫዋች ኖራለች። እንደገና ቆነጠጣት፣ ከበፊቱ ጠንክሮ፣ ዓይኑን ከሰሌዳው ሳይነቅል።

ያኔ ሂንዲያ በነፃ እጇ መነጽሯን ገፋችው። በዚያ ቤት በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ በራሷ እጅ አውልቃው አታውቅም ነበር። ዓይኖቿ ብርሃኑን ለመዱና ፊቱ ላይ አረፉ፤ እንደ ዕቃ ሳይሆን እንደ ሰው አየችው። ስንት ዘመን የለመነው እይታ ነበር።

"ምን አድርጌህ ነው?" አለችው።

ጣቶቹ ተፈቱ። ክንዷ ላይ የቀረውን ቀይ ምልክት አየ። እሷ ክንዷን ደረቷ ላይ አቅፋ ወንበሩ ውስጥ ኩርምት አለች፣ ዓይኗን ከእጁ ሳትነቅል።

ትርሲት መጣች። ምልክቱን አየች፣ የጠፋውን ማቀዝቀዣ አየች። ማቀዝቀዣውን አበራችው፤ የሂንዲያን ክንድ በእርጥብ ጨርቅ እያሸች መነጽሩን ቀስ ብላ መለሰችላት። ከዚያ ሙክታርን ወደ መተላለፊያው አወጣችው።

"ጮክ ብለሽ ስደቢኝ" አላት።

"ምን ይጠቅማል ጋሽ ሙክታር። እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም።" ግድግዳውን ተደገፈች። "መድኃኒት እንዲቀየርላት እናቷን የምታስለቅስ አለች። ክፍል እንዲለወጥለት አባቱን የሚያስርብ አለ። ሁሉም ለእነሱ ብለው ነው። እኔ አላየሁም ብዬ አልፋለሁ፤ ብናገር ጠያቂ ሁሉ ይከለከላል፣ ያኔ ደግሞ ማንም አይመጣላቸውም።" ወደ አዳራሹ መለስ ብላ አየች። "ይሠራል፣ እሱን አልዋሽዎትም። ግን በየቀኑ መሆን አለበት። ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እስኪዘጋ። የሚያደርጉት ከሆነ ቀድመው ይንገሩኝ፤ ከሰዓት ቅባት እቀባታለሁ።"

ሙክታር መተላለፊያው ላይ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"አላደርገውም" አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ላቀው አሮጌው ወንዝ ዳር ፈለገው። "መስመሩ ተነሥቶ ነበር" አለ፣ ድምፁ ውስጥ ተስፋ እየተሰማ። "ከዚያ ወረደ። ምን ተፈጠረ?"

"አልችልም ላቀው።"

"ጥቂት ቀን ብቻ እኮ ነው የቀረው። ከዚያ ዕድሜ ልካችሁን..."

"ምን አድርጌህ ነው አለችኝ።"

ላቀው ጋሻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "እኔ ነኝ ያሳሳትኩህ፣ ይቅር በለኝ" አለና ሄደ።

አሮጌው ወንዝ የተዘጋው ከሰዓት በኋላ ነው። ሙክታር ቀኑን ያውቅ ነበርና ቀደም ብሎ መጣ፤ ከሂንዲያ ጎን ተቀምጦ መነጽሩን አደረገ። ዳር ላይ የድሮ ተጫዋቾች ቆመዋል፤ ምሥራቅም መጥታለች። ሁለቱ ሲመጡ መንገድ ለቀቁላቸው።

ሂንዲያ ቀድማ ተሻገረች፤ ቋጥኙ ላይ ወጥታ ገመዱን በሁለት እጇ ያዘች። ሙክታር ውሃው ውስጥ ገባ። አልቸኮለም፤ አልዘገየምም። እግሩን የሚያስቀምጥበትን እያየ፣ ዓይኑን ወደ እሷ እየመለሰ ሄደ። መሃል ላይ ውሃው ደረቱ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ጠራችው።

"ሙኬ፣ ቀስ በል። ይዤሃለሁ።"

"አውቃለሁ" አላት። "ሁልጊዜም ይዘሽኛል።"

ደረሰ። ቋጥኙ ላይ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ። ጨዋታው ከዚህ በኋላ ወደ ዳገቱ እንዲሮጡ ይፈልጋል፤ ሁልጊዜ እንደደረሰ እሷ ትሮጥ ነበር። ሙክታር እጆቿ ላይ እጁን አኖረ።

"ደርሻለሁ ሂንዲያ። ልቀቂው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታች። ገመዱ ውሃው ላይ ወድቆ ተወሰደ። እጆቿን ወደ ፊቷ አቅርባ፣ ገለባብጣ አየቻቸው።

"እጄ ዝሏል ሙኬ" አለች። "በጣም ደክሞኝ ነበር።"

ከተጋቡ ጀምሮ ይህን ብላው አታውቅም። ሙክታር ሊናገር ያሰበው ብዙ ነበር፤ የተናገረው ግን አንድ ብቻ ነው። "ይቅር በይኝ።" እሷ ለምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ትከሻው ላይ ራሷን አስደግፋ፣ ሁለቱም ቋጥኙ ላይ እንደቆሙ ውሃው መፍሰሱን አቆመ፤ ቀጥሎ ዳሩ ላይ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ቀጥሎ ብርሃኑ።

በማግስቱ ሙክታር ወደ መጦሪያ ቤቱ አልሄደም። በሁለተኛውም ቀን አልሄደም፤ ከዚራ ያለው ቤቱ ውስጥ መስኮቱን ዘግቶ ተኛ። ትርሲት ደወለች። እንዲመጣም አላለችውም፣ እንዳይመጣም አላለችውም። ሂንዲያ ምሳዋን እየበላች መሆኗን ብቻ ነግራው ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን ሄደ። ሂንዲያ ወንበሯ ላይ ናት፤ አምባሯ አረንጓዴ ነው። የእንግዳውን መነጽር ሲያመጡለት አልፈልግም አለ። አጠገቧ ተቀመጠና ፊቷን ሲያይ ቆየ። ክንዷ ላይ የነበረው ምልክት ጠፍቷል። ፊቷ ላይ የቀረ ጭንቀት የለም፤ የሆነ ሰፊ ቦታ ላይ ብቻዋን እየተራመደች ነበር፤ የምትፈልገው ሰው ያለ አይመስልም። ይህን ያህል ሰላም ፊቷ ላይ አይቶ አያውቅም። የእሱ ድርሻ በዚያ ሰላም ውስጥ የትም አልነበረም።

ከንፈሯ ደርቆ ስላየ ውሃ ቀድቶ አፏ ጋ አስጠጋላት። እጇን ዘርግታ ብርጭቆውን ያዘች፤ እጁን ስትነካው አልሸሸችም። እስኪበቃት ጠጣችና መነጽሯን እንዳደረገች ወደ እሱ ዘወር አለች። በዚያኛው ዓለም እሷ ገና ልጃገረድ ናት፤ ከጎኗ የምትሰማው እስትንፋስ ግን የሽማግሌ ነው።

"አመሰግናለሁ ጋሼ" አለችው።

ሙክታር ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበለ።

"ምንም አይደል ልጄ" አላት። "ሲጠማሽ እዚሁ ነኝ።"